ወደ አሶሳ የሚሄድ ላፕቶፕ

ቦሌ፣ የአገር ውስጥ በረራ፣ መጋቢት 2018

«ላፕቶፕ ያለው ከቦርሳው ያውጣ» ሲባል ወደ አሶሳ ከሚሄደው ተሳፋሪ ብዙው ጎንበስ አለ። ከፊቴ የቆሙት ነጭ ቆብ ያደረጉ አባት ያወጡት ዴል ገና ከፌስታሉ አልተላቀቀም። ፈታሿ «የእርስዎ ነው፣ አባባ?» ብትላቸው «እኔ አድራሽ ነኝ፤ የወንድሜ ልጅ ይማርበታል» አሏት። እኔም እንደ እሳቸው አድራሽ ነኝ። የያዝኩት ቲንክፓድ የእህቴ ልጅ ነው፤ አሶሳ ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ ትማራለች፣ ሦስተኛ ዓመት ላይ ናት።

የየብሱ መንገድ በነቀምት፣ በጊምቢና በመንዲ አድርጎ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ባለፉት ዓመታት በጸጥታ ምክንያት ሲዘጋ ሲከፈት ስለኖረ ውድ ዕቃ ያለው ሰው በአውሮፕላን የሚሄድ ዘመድ፣ ካልተገኘም የዘመድ ዘመድ ያፈላልጋል። በዚህም የተነሳ አሶሳ ባለችበት ክልል ያደገ ተማሪ ብዙ ጊዜ ላፕቶፑን ራሱ ከፍቶ፣ ቁልፎቹን ነካክቶ አይገዛም። መገናኛ ወይም ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አጎት ይመርጥለታል። አጎት ደግሞ የሚያብረቀርቀውን ይወዳል።

የእህቴ ልጅ እኔን አላመነችኝም። በቴሌግራም የላከችው ትእዛዝ ቆፍጣና ነበር፤ ፕሮሰሰሩ ስምንተኛ ጄነሬሽን ወይም ከዚያ በላይ፣ ራሙ 8 ጊጋ ሆኖ መጨመሪያ ቦታ ያለው፣ ሃርድ ዲስክ ሳይሆን ኤስኤስዲ፣ ባትሪው ተፈትቶ የሚቀየር። «ካርቶኑ አዲስ ነው ብለው እንዳይሸውዱዎት፣ ጋሼ፤ በእኛ ብር የሚገኘው አዲስ ደካማ ነው» የሚል ማሳሰቢያም ነበረበት።

እውነቷን ነው። መገናኛ ያሉትን የኮምፒውተር ፎቆች የዞረ ሰው ያውቀዋል። «ስላይትሊ ዩዝድ» ከሚባለው ብዙው ውጭ አገር ያሉ መሥሪያ ቤቶች ጥቂት ዓመት ሠርተውበት በጅምላ የሸኙት ነው። ቲንክፓድ፣ ላቲትዩድ፣ ኤሊትቡክ፤ ወፍራም፣ ጥቁር ወይም ግራጫ፣ መልክ የሌላቸው፣ ግን በብሎን የሚፈቱ። ከጎናቸው እንደ ወረቀት የሳሳ አዲስ ላፕቶፕ በተመሳሳይ ዋጋ ተሰልፏል፤ ውስጡ ያለው ፕሮሰሰር ደካማ፣ ራሙ 4 ጊጋ፣ ያውም ከቦርዱ ጋር የተበየደ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተተወ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ፣ ላፕቶፕ ተያይዞ ወጣ። አሁን ደግሞ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት የዓለምን ሜሞሪ እየጠቀለሉት የራም ዋጋ ንሯል። ተማሪው «ራሙን በኋላ እጨምራለሁ» ሲል የሚያስበው ዋጋ የአምናው እንጂ የዘንድሮው አይደለም።

ስለ ጄነሬሽን ሱቅ ውስጥ ብዙ ይዋሻል። የኢንቴል ከሆነ ግን ከ«አይ ፋይቭ» ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ማንበብ በቂ ነው፤ 6300 ከሆነ ስድስተኛ፣ 8250 ከሆነ ስምንተኛ፣ 1135 ከሆነ አሥራ አንደኛ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ጥቂት ሞዴሎች ካልሆኑ በቀር ከስምንተኛው በታች ያለውን የኢንቴል ዕቃ በይፋ አይቀበልም። ስድስተኛ ጄነሬሽን እንዲህ በርካሽ የፈሰሰው ለዚህ ነው። ሊኑክስ ተጭኖበት ገና ብዙ ያገለግላል፤ ይሁን እንጂ መምህሩ በዊንዶውስ የሚሠራውን የሒሳብ ፕሮግራም «ፒችትሪ ክፈቱ» ሲል ሊኑክስ የጫነችው ልጅ ጓደኛዋ ጎን መቀመጧ አይቀርም።

አሶሳ፣ ግቢው

ከአውሮፕላኑ ሲወርዱ ሙቀቱ ፊት ላይ ነው የሚያርፈው። መጋቢት የክረምቱ ዝናብ ያልደረሰበት፣ ማንጎው ዛፉ ላይ የተንጠለጠለበት፣ አቧራው ባጃጁን ተከትሎ የሚሮጥበት ወር ነው። ለላፕቶፕ ከዚህ የባሰ ወር የለም።

አሶሳ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2011 ከተቋቋሙት ሦስተኛ ትውልድ ከሚባሉት አንዱ ነው። ተማሪው ከየክልሉ ተመድቦ የሚመጣ ስለሆነ በአንድ ዶርም ውስጥ ከአዲስ አበባ ላፕቶፕ ይዞ የመጣና ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ጎን ለጎን ይተኛሉ። ፍሬሽማን ላይ ሁሉም «ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ» የሚባል ኮርስ ይወስዳሉ፤ ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስና ስለ ቢግ ዳታ ይማራሉ። አንዳንዱ ይህን ሁሉ በወረቀት ሃንድአውት ተምሮ ኤ ያመጣል፣ ማውዝ ሳይነካ። ከሐምሌ 2015 ጀምሮ ግን የመውጫ ፈተናው በኮምፒውተር ነው፤ ያለ 50 በመቶ አይታለፍም። ትምህርቱን የሚያውቅ ልጅ በጣቱ ዘገምተኛነት ደቂቃ ሲያባክን ማየት ያናድዳል። ብዙዎቹ የመጀመሪያ ኮዳቸውን የሚጽፉት በስልክ ነው። በሐምሌ 2016 የተጀመረውን የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና በስልኳ የጨረሰች አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ምስክር ወረቀቷን አሳየችኝ። መስኮቱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ በአውራ ጣት ኮድ መጻፍ! እኔ አጭር መልእክት እንኳ ያለ መነጽር አልጽፍም።

የእህቴ ልጅ ቲንክፓዱን ስትቀበል ስክሪኑን አላየችም። ገልብጣ ብሎኖቹን ቆጠረች፣ ማጠፊያውን ከፍታ ዘጋች፣ ከዚያ ዊንዶውስ የሚያወጣውን የባትሪ ሪፖርት ከፈተች። ሪፖርቱ ባትሪው ሲመረት የነበረውን አቅምና አሁን ሲሞላ የሚይዘውን ጎን ለጎን ያሳያል። ሱቁ ውስጥ «አራት ሰዓት ይቆያል» ያሉኝ ሰዎች ይህን ገጽ አልከፈቱልኝም። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 50 ዋት-አወር የሚይዝ ባትሪ፣ ለጽሑፍና ለኤክሴል 12 ዋት ገደማ ከተጠቀመ አራት ሰዓት ያህል ይሠራል። አቅሙ ወደ 60 በመቶ ከወረደ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። አሶሳ ላይ በእነዚያ ሁለት አኃዞች መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሙሉ የጥናት ምሽት ነው።

መብራት ይሄዳላ! ሲሄድም መቼ እንደሚመጣ አይነግርም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ያለው በዚሁ ክልል፣ መተከል ዞን ጉባ ውስጥ ነው። የዶርሙ ልጆች በዚህ መቀለድ አይሰለቻቸውም። ከግድብ እስከ ሶኬት ብዙ ምሰሶ፣ ብዙ ትራንስፎርመርና ብዙ በጀት እንዳለ ኤሌክትሪካል የሚማረው ልጅ ሊያስረዳቸው ሞከረ፤ ማን ይስማው። መብራት ባለ ጊዜ ግን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቀድሞ የሚያዘው ወንበር ከመጽሐፉ መደርደሪያ አጠገብ ያለው አይደለም፣ ከሶኬቱ አጠገብ ያለው ነው። ኤክስቴንሽን ያለው ልጅ ጓደኛ አያጣም።

«ጌሚንግ» የሚባለውን ላፕቶፕ የገዛ አንድ ልጅ አገኘሁ። ስክሪኑ ያምራል፣ ቁልፎቹ በቀይና በሰማያዊ ይበራሉ። ቻርጀሩ ግን ከ150 ዋት በላይ ነው፤ በታይፕ ሲ ከሚሞላ ፓወር ባንክም ሆነ ከትንሽ ኢንቨርተር ጋር አይስማማም። 65 ዋት የሚበቃው የእህቴ ልጅ ቲንክፓድ ግን በሁለቱም ይሞላል። ልጁ መብራት ሲጠፋ የሚያጠናው በስልኩ ነው።

ከተማው፣ ጥገና ቤቱ

ገበያው አጠገብ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤቶች አንዱ ጋ ብዙ ሰዓት ተቀመጥኩ። ወጣቱ ባለሙያ አንዱን ደንበኛ በአማርኛ፣ ሌላውን በዐረብኛ ያስተናግዳል፤ በሚያዝያ 2015 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ በኩርሙክ በኩል የገቡ ሱዳናውያን ስልካቸውን እሱ ጋ ያስጠግናሉ። ጠረጴዛው ላይ የተከፈተ ላፕቶፕ አለ። ማራገቢያው በአቧራ ተደፍኖ ቡናማ ጨርቅ መስሏል።

«ጋሼ፣ እዚህ ላፕቶፕ የሚገድለው ቫይረስ አይደለም፤ ይኼ ነው» አለኝ አቧራውን በቡሩሽ እያነሳ። ማራገቢያው ሲደፈን ፕሮሰሰሩ ይግላል፤ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ተማሪው «አረጀብኝ» ብሎ ሊሸጠው ያመጣል። ማጽዳትና ቅባቱን መቀየር ብቻ ነው የሚያስፈልገው። እሱ በዓመት አንዴ፣ የበጋው አቧራ ሲያልቅ፣ ዝናቡ ሳይገባ ማጽዳቱን ይመክራል። ግቢ ውስጥ አንዱ ተማሪ ላፕቶፑን ሁለት የቀርከሃ ቁራጭ ላይ አስቀምጦ ሲሠራ አይቼ ነበር፤ የዚህ አገር የቆላ ቀርከሃ ውስጡ ድፍን ስለሆነ አይታጠፍም፣ ከሥር አየር ይገባል። ባለሙያው ሰምቶ ሳቀ፤ «እኔ የማዝዘው እሱን ነው። እነሱ አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ላይ ያስቀምጡታል።»

ከአቧራ ቀጥሎ ብዙ የሚመጣለት የተቃጠለ ቻርጀር ነው። መብራት ተመልሶ ሲመጣ ቮልቴጁ ይዘላል። ምክሩ አንድ ነው፤ መብራት ሲሄድ ንቀሉ፣ መጥቶ ጥቂት ደቂቃ ሲረጋ ሰኩ። ያበጠ ባትሪም ይመጣል። ሊቲየም ባትሪ ሙቀትንም፣ ሁልጊዜ መቶ በመቶ ሞልቶ መቀመጥንም አይወድም። ብዙዎቹ የቢሮ ላፕቶፖች ቻርጁን 80 በመቶ ላይ የሚያቆም ማስተካከያ አላቸው፤ እሱ ግን ለአሶሳ ተማሪ አይመክረውም። «መብራቱ እስኪሄድ ነው 80 የሚበቃው» ይላል። የአምራቾቹ መመሪያ ሌላ ቢልም እኔ በዚህ ከእሱ ጋር ነኝ። ባትሪ ይተካል፤ የነገ ፈተና አይተካም።

ሃርድ ዲስክ ያለው ላፕቶፕ ሲመጣለት መጀመሪያ የሚጠይቀው በምን እንደመጣ ነው። የሚሽከረከር ዲስክ እየሠራ ሳለ በአውቶቡስ ኮረኮንች ላይ ከተንገጫገጨ ይቧጨራል፤ ኤስኤስዲ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። አጥፍቶ ሳይሆን ክዳኑን ዘግቶ ብቻ ቦርሳ ውስጥ የሚከት ሰው ግን አሁንም ብዙ ነው።

ከእሱ ቤት ቀጥሎ ኅትመት ቤት አለ። ተመራቂ (ጂሲ) ተማሪዎች የመመረቂያ ጥናት መጠይቃቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። ጥናቱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ቢሆንም የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ስለሆነ ለወረዳ ጽሕፈት ቤቱም ለነጋዴውም የሚሰጠው መጠይቅ በአማርኛ ይተረጎማል። ችግሩ እዚህ ይፈጠራል። በቆየው የፓወር ግዕዝ ፊደል የተተየበ ጽሑፍ ያ ፊደል ባልተጫነበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ሆሄና የምልክት ቆሻሻ ሆኖ ይወጣል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ከገባበት ከእ.ኤ.አ. 1999 ጀምሮ ይህ መቅረት ነበረበት፤ አልቀረም። ከፊቴ የነበረች ልጅ ሃያ ገጽ ይዛ ቆማ «አማርኛዬን ምን በላው?» ስትል ሰማሁ። ለኅትመት ቤቱ ከፍላ ያስለወጠችበትን ሰዓት በነፃ ሊያድንላት ይችል የነበረው ላፕቶፑን በተረከበች ዕለት የዩኒኮድ መጻፊያ መጫን ብቻ ነበር። ፍላሹን ስትሰካው ደግሞ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ጠበቋት። ይህን የሚያደርገው ቫይረስ ካምፓስ ገብቶ ያልተመረቀ ብቸኛው ተማሪ ሳይሆን አይቀርም።

ማታ፣ ከግቢው ውጭ

የእህቴ ልጅ የዶርም ጓደኛዋን ይዛልኝ መጣች። ልጅቷ ከመንጌ ወረዳ የመጣች የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናት፤ ሲቪል ምህንድስና ትማራለች። ገንፎ በባሚያ ወጥ ቀርቦ እየበላን ችግሯን አወራችኝ። እናቷ ወርቅ ያጥባሉ። ከወርቁ ያጠራቀሙትን ለላፕቶፕ ሰጥተዋታል። አዲስ አበባ ያለው ወንድሟ ደግሞ የሳሳ፣ የሚያብረቀርቅ፣ አዲስ ላፕቶፕ ፎቶ ልኮላታል፤ ራሙ 4 ጊጋ የተበየደ። እሷ የምትፈልገው በዚያው ዋጋ የተገኘውን ወፍራም ላቲትዩድ ነው፤ 8 ጊጋ ሆኖ ወደ 16 የሚያድግ። ለአውቶካድ 8 መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም።

«ታዲያ ምን አስቸገረሽ?» አልኳት።

«እናቴ ናት፣ ጋሼ። ‹በወርቄ አሮጌ ልትገዢ ነው?› አለችኝ። እስቲ እርስዎ ያስረዱልኝ፤ ትልቅ ሰው ሲነግራት ትሰማለች።»

የእናትየው ነገር ገብቶኛል። ውሃ ውስጥ ቆሞ አሸዋ ያጠበ ሰው ለልጁ የሌላ ሰው ጣት የዳሰሰው ነገር ሲገዛ አንጀቱ አይችልም። የጄነሬሽንና የብየዳ ነገር ለእሳቸው ምናቸውም አይደለም፤ እኔም ያንን አላነሳሁም። ስልኩ ሲገናኝ ሰላምታ ተለዋውጠን፣ አዲሱ ቢበላሽ አሶሳ ላይ የሚከፍተው ሰው እንደሌለ፣ ወፍራሙን ግን ገበያው አጠገብ ያለው ልጅ በአንድ መፍቻ እንደሚፈታው ነገርኳቸው። ብዙ ጠየቁኝ። ባትሪው የስንት ዓመት እንደሆነ ሳይቀር ጠየቁ፤ ከመገናኛ ሻጮች በላይ ነው የመረመሩኝ። ከዚያ ከልጃቸው ጋር በቋንቋቸው ረዘም አድርገው አወሩ፤ እኔ የለየሁት «ባትሪ» እና «ቻርጀር» የሚሉትን ብቻ ነው።

ስልኩን ዘግታ ሳቀች። «እሺ ብላለች። ቻርጀሩ ሁለት ይሁን አለች፣ አንዱ ሲቃጠል እንዳልለምን። ቦርሳው ግን አዲስ ይሁን ብላለች።»

ማስታወሻዬ ላይ ሞዴሉንና ራሙን ጽፌ፣ ከሥሩ «አዲስ ቦርሳ» ብዬ ጨመርኩ። የሚያደርስላት ሰው እኔ አይደለሁም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ከአዲስ አበባ የሚመለሱ የሰፈሯ ሰው አሉ።