መንከርና ማጥቀስ፦ በሎስ አንጀለስ ከተማ ሁለት ምግብ ቤቶች

ኮቾሮ ያልቀመሰ ወታደር ይኖራል ብለን አናምንም። ያን በጥርስ ሲነክሱት እንደ ጠጠር የሚመልሰውን ደረቅ ስንቅ፣ ጊዜ ያገኘ በትኩስ ሻይ፣ ጊዜ ያጣ ደግሞ በኮዳው ውሃ ነክሮ መብላት፣ ከዘመቻ ትምህርቶች ሁሉ ያለ አስተማሪ የሚገባ ትምህርት ነው። ስለዚህ በአሜሪካ አገር፣ በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ ሰዎች በሥጋ መረቅ የተነከረ ዳቦ ለመብላት ረጅም ሰልፍ ይዘው ይቆማሉ ብንል፣ የዚህ ዓምድ ተከታታዮች ከማንም ቀድመው ነገሩን እንደሚረዱት ርግጠኞች ነን።

እኛ ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ2023 ወደዚያች ከተማ የተጓዝነው እዚያ የምትኖረውን ልጃችንን ለመጠየቅ ነበር። ከተማዪቱ እጅግ ሰፊ ናት፤ መኪና የሌለው ሰው በውስጧ በረሃ ላይ ከጓዶቹ እንደ ተለየ እግረኛ ይሆናል። በደረስን በሦስተኛው ቀን ልጃችን ፌርፋክስ በተባለው ጎዳና ላይ ወደሚገኘውና ከተማው በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ በይፋ ወደ ሰየመው ሰፈር ወሰደችን። በዚያም አንድ የጥንት ባልደረባችንን አስጠርተን ነበር። ከተለያየን ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖን ስለ ነበር መተቃቀፉና እንባው ብዙ ጊዜ ወሰደ። ማዕዱ ሲቀርብ ግን እንግዳችን እጁን አልታጠበም። ጥብሱም፣ ክትፎውም፣ ሽሮውም በፊቱ ቀዘቀዘ። የቤታችን እመቤት ጉርሻ ጠቅልላ ብትዘረጋለት፣ «እትዬ፣ ይቅርታ፤ ቤት በልቼ ነው የመጣሁት» አለ። ጉርሻ የተመለሰባት ሴት ምን እንደሚሰማት ሴቶች አንባብያን ያውቁታል።

ነገሩን እኛ ቶሎ ልንረዳው በተገባን ነበር። ባልደረባችን በ1970 ዓ.ም. በምሥራቁ ግንባር፣ ገና የሃያ ዓመት ወጣት ሳለ፣ የከባድ መሣሪያ ፍንጣሪ የታችኛውን መንጋጋውን መታው። ሐኪሞች አጥንቱን ጠግነውለታል፤ የግራ ጥርሶቹና የከንፈሩ ስሜት ግን አልተመለሱም። ሲበላ ከንፈሩ ምግቡን አይዝለትም፤ ወጡ በአገጩ ላይ ሲወርድ እርሱ አይታወቀውም፤ የሚያውቀው የሌሎችን ዓይን አይቶ ነው። በሠርግም፣ በልቅሶም፣ በክርስትናም ከአገሩ ሰው ጋር መቁረስ ከተወ ብዙ ዘመኑ እንደ ሆነ የነገረን በዚያ ማታ ወደ መኪናው ስንሸኘው ነው። ከዚያም ድንገት ፈገግ ብሎ፣ «መቶ አለቃ፣ ነገ ግን እኔ ነኝ የምጋብዛችሁ። እኔ የምበላበት ቦታ አለ» አለን። እርሱ ሃምሳ አለቃ ነበር፤ ማዕረጉን ይዘን እስከ ዛሬ እንጠራራለን።

በማግሥቱ የወሰደን «ፊሊፕ» ወደሚባለው ምግብ ቤት ነው። ቤቱ በአላሜዳ ጎዳና ላይ፣ ከዋናው የባቡር ጣቢያና ከቻይናውያን ሰፈር አጠገብ ይገኛል። ወለሉ ላይ ሰጋቱራ ተነስንሷል። ለብቻ የሚቀመጡበት ጠረጴዛ ጥቂት ሲሆን፣ በአመዛኙ እንደ ጦር ሰፈር የምግብ አዳራሽ ረጃጅም ገበታዎች ተደርድረው፣ የማይተዋወቅ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ይበላል። ሽርጥ የታጠቁ ሴቶች ከረጅሙ ባንኮኒ ኋላ ቆመው ሥጋውን ይቆርጣሉ፤ ደንበኛው በእያንዳንዳቸው ፊት ተሰልፎ ተራውን ይጠብቃል። ምግቡ የሚሰጠው በወረቀት ሳህን ነው። በቀይ ሥር ጭማቂ ተዘፍዝፎ ወይን ጠጅ የመሰለ እንቁላል በትልልቅ ብርጭቆ ዕቃ ተቀምጧል። የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ እስከ 2012 ድረስ 10 ሳንቲም ያህል ብቻ እንደ ነበረና በዚያ ዓመት ወደ 45 ሳንቲም ከፍ ሲል የከተማው ጋዜጦች እንደ ትልቅ ዜና እንደ ጻፉት ሰማን።

ምግብ ቤቱን እ.ኤ.አ. በ1908 የከፈተው ፊሊፕ ማትዩ የተባለ ከፈረንሳይ የፈለሰ ሰው ነው። በ1927 ማርቲን ለተባሉ ወንድማማቾች ሸጠላቸው። በ1951 ደግሞ የመኪና አውራ ጎዳና በቀድሞው ሥፍራ ላይ ሊያልፍ በመሆኑ ቤቱ ተነሥቶ አሁን ወዳለበት ተዛወረ። የሚታወቅበት ምግብ «ፍሬንች ዲፕ» ይባላል፤ በእኛ አፍ የፈረንሳይ ንክር ልንለው እንችላለን። ፈረንሳይ አገር ሄዶ በዚህ ስም የሚጠይቅ ግን የሚረዳው አያገኝም፤ ምግቡ የሎስ አንጀለስ ተወላጅ ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። ሥጋው በቁሙ በምድጃ ተጠብሶ በስሱ ይቆረጣል። ሲጠበስ የወረደው ፈሳሽ ከመረቅ ጋር ተዋሕዶ በሰፊ ትሪ ይግላል። ቆራጯ ሴት ቅርፊቱ ጠንካራ፣ ውስጡ ለስላሳ የሆነውን ዳቦ ለሁለት ሰንጥቃ የውስጡን ገጽ በመረቁ ውስጥ ትነክርና ሥጋውን ትሞላበታለች። ለጥርሱ ያልሰጋ አንድ ጊዜ የተነከረ ያዛል፤ ሌላው ሁለት ጊዜ የተነከረ ይላል፤ ከዚያም አልፎ ዳቦው እስኪያንጠባጥብ ድረስ የራሰ የሚፈልግ አለ። የበሬ፣ የበግ፣ የተርኪ ሥጋ አለ፤ የዓሣማውን እያየን አለፍነው። እኛ የበሬና የበግ አዘዝን። ከሁለቱ የበጉን አብልጠን ወደድነው፤ መረቁ የሥጋውን ጠረን ይበልጥ ይዞታል።

በየጠረጴዛው ላይ የሚቀመጥ አንድ ነገር አለ፤ የቤቱ ሰናፍጭ። ሰዎቹ እንግዳን «ተጠንቀቅ፣ ያቃጥላል» እያሉ በትንሽ ማንኪያ ጫፍ ያስቀምሳሉ። የቤታችን እመቤት ሞላ አድርጋ ዳቦው ላይ ቀባችና ጎረሰች፤ አፍንጫዋን ይዛ ጥቂት ዝም አለች፤ ከዚያም፣ «ደህና ነው፤ ግን ገና ልጅ ነው» ብላ ፈረደች። በጾም ወራት ሰናፍጭ ፈጭቶ ያሳደገ እጅ የሚሰጠው ፍርድ ስለ ሆነ ይግባኝ አልጠየቅንበትም።

ባልደረባችን ያዘዘው ከሁሉ የራሰውን ነበር። ሳህኑን ይዞ ከመካከላችን ተቀመጠ። ልብ ብለን ያየነው ያኔ ነው፤ በዚያ ረጅም ገበታ ላይ አገጩ ያልራሰ ሰው አልነበረም። ከፊታችን የተቀመጠው ክራባት ያሰረ ሽማግሌ መረቁ እስከ ክንዱ ወርዶበታል። በስተግራችን አንዲት እናት የሁለት ልጆቿንና የራሷን አፍ በተራ ትጠርጋለች። የወረቀት መጥረጊያ በየደቂቃው ይነሣል። የሚያንጠባጥበውን ከማያንጠባጥበው የሚለይ ዓይን በዚያ ቤት የለም። ሃምሳ አለቃችን ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ይዞ ገመጠ፤ መረቁም ወረደ፤ ጠረገውና ወሬውን ቀጠለ። አሥር ዓመት ያህል በየሳምንቱ ማክሰኞ ከሥራ በኋላ ይመጣ እንደ ነበር ነገረን። ይሁንና ሁልጊዜ ብቻውን ነበር፤ የአገሩን ሰው ይዞ ሲመጣ የመጀመሪያው ነው። የቤታችን እመቤት ምንም ሳትናገር ከበግ ሥጋው ቆርሳ፣ በሳህኗ ላይ በቀረው መረቅ አጥቅሳ፣ ትናንት የተመለሰባትን እጇን እንደገና ዘረጋች። አፉን ከፈተ። «ሁለተኛውን ግን አልተውም» ብላ ደገመችው፤ ጉርሻ አንድ ሲሆን ያጣላል ይባላል።

እንዲህ ያለ ምግብ እንዴት ተጀመረ ብለን መጠየቃችን አልቀረም። መልሱ ብዙ ነው። የፊሊፕ ቤት ሰዎች እንደሚሉት በ1918 ፊሊፕ ራሱ ለአንድ ፖሊስ ዳቦ ሲያዘጋጅ ከእጁ አምልጦት የጋለው መረቅ ውስጥ ወደቀ፤ ፖሊሱም «ግዴለም፣ እበላዋለሁ» ብሎ ወሰደው፤ በማግሥቱም ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ። ሌሎች ደግሞ ሰውየው የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነበር፣ ዳቦው ስለ ደረቀበት አማርሮ ነው ይላሉ። «ፈረንሳይ» የተባለውም በባለቤቱ ትውልድ ነው የሚል አለ፣ በዳቦው ዓይነት ነው የሚል አለ፣ የፖሊሱ የቤተሰብ ስም ፍሬንች ስለ ነበር ነው የሚልም አልጠፋም።

ከዚህ ቤት ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ፣ በስድስተኛው ጎዳና ላይ፣ «ኮል» የተባለ ሌላ ቤት ነበር። እርሱም የተከፈተው በዚያው በ1908 ሲሆን፣ ምግቡን የፈጠርነው እኛ ነን ባይ ነው። ሄንሪ ኮል የተባለው ሰው የከፈተው በ1905 በተሠራው የፓሲፊክ ኤሌክትሪክ ሕንፃ ሥር ነበር። ያ ሕንፃ ከተማዪቱን ከዙሪያዋ ጋር ያገናኙ የነበሩት ቀያይ የኤሌክትሪክ ባቡሮች መነሻና መድረሻ ነበር፤ የመጨረሻው ባቡር አገልግሎቱን ያቆመው በ1961 ነው። የኮል ሰዎች ታሪክ አጭር ነው፤ ድዱ የታመመ አንድ ደንበኛ ጠንካራውን ዳቦ መንከስ አቅቶት በመረቅ እንዲያለሰልሱለት ለመነ፤ ያዩትም ለእኔም ለእኔም አሉ። ይህን ስንሰማ ሃምሳ አለቃችንን ቀና ብለን አየነው። እርሱም፣ «ያ ሰው እኔ ብሆን ኖሮ ስሜን ያስጽፉ ነበር» ብሎ ሳቀ።

ኮል ቤት የገባነው በአራተኛው ቀን ነው። ከመንገዱ ወለል ዝቅ ብሎ በደረጃ የሚወረድበት፣ ብርሃኑ ደብዘዝ ያለ፣ ያረጀ እንጨት ያማረበት ቤት ነበር። በዚህ ቤት ዳቦው አይነከርም፤ በደረቁ ይቀርብና መረቁ በትንሽ ስኒ ለብቻው ይሰጣል፤ በላተኛው በየጉርሻው ያጠቅሳል። ማጥቀስ ከመንከር የተለየ ጥበብ ነው። የሚያጠቅስ ሰው ልኩን ራሱ ይወስናል፤ የዳቦው ቅርፊት እንደ ደረቀ ይቆይለታል፤ ልብሱም ንጹሕ ይሆናል። የምግቡን ሙያ ብቻ መዝነን እንድንፈርድ ብንጠየቅ የኮልን አቀራረብ ባስቀደምን። ባልደረባችን ግን ግማሹን በመጥረጊያ አፉን ሸፍኖ በላና፣ «ለማታ ይሆነኛል» ብሎ የቀረውን አስጠቀለለ። ከእርሱ በቀር በቤቱ ውስጥ የሚያንጠባጥብ ሰው አልነበረም።

ከሁለቱ ማን ቀደመ የሚለው ክርክር ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የሚፈታውም አይመስለንም። ኮረብታውን መጀመሪያ የረገጠው የየትኛው መቶ ነው የሚለውን ክርክር በየክበቡ የሚሰማ ወታደር አይደነቅበትም። እዚያ ላይ የነበሩት ሰዎች ደክሟቸው፣ ርቧቸውም ነበርና ሰዓት የያዘ የለም።

ምግቡን በቤታቸው ለመሞከር ለሚሹ እመቤቶች የቤታችን እመቤት ደጋግማ ሠርታ ያገኘችውን እናካፍላለን። ምድጃ የግድ አይደለም፤ ወፍራም ብረት ድስት ይበቃል። ከሽንጥ በኩል አንድ ኪሎ ያህል ሥጋ ሳይቆረጥ በጨው፣ በቁንዶ በርበሬና በነጭ ሽንኩርት ታሽቶ፣ በጥቂት ዘይት ዙሪያው ቡናማ እስኪሆን ይጠበሳል። ከዚያም ቀይ ሽንኩርትና ሁለት ብርጭቆ የአጥንት መረቅ ተጨምሮበት ተከድኖ በቀስታ ይበስላል። ሥጋው ወጥቶ ሩብ ሰዓት ያህል ይረፍ፤ በትኩሱ የሚቆርጡት እንደ ሆነ ውሃው ሁሉ በመክተፊያው ላይ ይቀራል። በስለታም ቢላ ጭረቱን አቋርጦ በስሱ መቁረጥ ነው። መረቁ ጮማው ተገፍፎ ይጥለል እንጂ ዱቄት አይግባበት፤ ከወፈረ ስልስ እንጂ መረቅ አይደለም። ዳቦው ቅርፊት ያለው ፉርኖ ይሁን፤ ለስላሳው ዳቦ ገና ሲነካ ገንፎ ይሆናል። ከተነከረ በኋላም አይቆይም፤ ባል ከሥራ እስኪመለስ ተነክሮ የተቀመጠ እንደ ሆነ ጥፋቱ የዳቦው አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2025 አጋማሽ ኮል ቤቱን ሊዘጋ መሆኑን አስታወቀ። ዜናው በተሰማ ጊዜ ሕዝቡ ለስንብት ስለ ጎረፈ የመዝጊያው ቀን ተራዝሞ እንደ ነበር የነገረን በስልክ ሃምሳ አለቃችን ነው። እርሱም ከተሰላፊዎቹ አንዱ እንደ ነበር ሲናገር ተደነቅን። «ድዱ ለታመመው ሰውዬ ስል ነው» አለን። አሁን ፊሊፕ ቤት ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻውን አይሄድም፤ ከፌርፋክስ ሁለት የአገር ልጆችን ይዞ ይሄዳል፤ አንደኛው ከአንድ ክፍለ ጦር የነበረ ነው። ከእኛ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ የእትዬን ሰናፍጭ። ፍሬው ተለቅሞ፣ ተፈጭቶ፣ በሁለት ላስቲክ ታሽጎ ጓዳችን ውስጥ ተቀምጧል፤ ወደዚያ የሚጓዝ ሰው እየጠበቅን ነው።