የመጨረሻው ገጽ እርማት

በትንሽ ከተማ የሚኖር ሰው ስሙ በጋዜጣ ሲነሣ፣ ነገሩ በዋና ከተማ እንደሚኖረው ሰው አይደለም። በትልቁ ከተማ ጋዜጣው ከሰውየው ይርቃል፤ በትንሿ ግን የተጻፈበት ሰውና ያነበበው ሰው በአንድ ሻይ ቤት ይቀመጣሉ።

በ2002 ዓ.ም. ሰኔ ወር የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቴአትር ክበብ ኃላፊ በነበሩ መምህር ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ክበቡ ለቤተ መጻሕፍቱ ወንበር መግዣ ባሳየው ቴአትር የተገኘው 4300 ብር «የገባበት አልታወቀም» ሲል አንድ የክልሉ ሳምንታዊ ጋዜጣ በሦስተኛው ገጹ ጻፈ፤ የመምህሩንም ስም ከነአባታቸው ጠቀሰ። ገንዘቡ ግን ቴአትሩ በታየ በማግሥቱ በሞዴል 64 ደረሰኝ ለትምህርት ቤቱ ገቢ ሆኖ ነበር። ዘጋቢው ወሬውን ከአንድ ሰው ሰምቷል፤ ገንዘብ ያዡን አልጠየቀም።

መምህሩ ሌሊቱን ሦስት ገጽ ሙሉ ጻፉ። ሰኞ ጠዋት በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ከሚቀመጡት አዛውንት ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ይዘውት ሄዱ። ሽማግሌው አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«መምህር፣ ንዴቱን ለቤትዎ ያቆዩት። ለእነርሱ የጋዜጣውን ቁጥር፣ ገጹንና ሐሰት የሆነውን ዓረፍተ ነገር ይስጧቸው። ደረሰኙን ያያይዙ። ከዚያ የሚፈልጉትን በአንድ መስመር ይንገሯቸው።»

«ስድባቸውስ ጋሼ? ዝም ልበለው?»

«ስድቡን ከጻፉማ መልስ የሚሰጡት ለስድቡ ነው።»

ሦስቱ ገጽ ግማሽ ገጽ ሆነ። ብዙ አቤቱታ የሚወድቀው ሐቅ አጥቶ ሳይሆን፣ ሐቁ በንዴት ተሸፍኖ በመቅረቱ ነው።

ሕጉም ለዚህ ነገር ቦታ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2049 እንደደነገገው፣ ለመጉዳት ሳያስብና ከባድ ቸልተኝነት ሳይኖርበት የሰው ስም ያጠፋ ጋዜጣ፣ ተበዳዩ እንደጠየቀው ሳይዘገይ ቃሉን አንሥቶ ይቅርታ ቢጠይቅ ከኃላፊነት ይድናል። ይህም በሚቀጥለው እትም መውጣት ይገባዋል። ከሳምንት በላይ እየቆየ የሚታተም ሲሆንማ፣ ተበዳዩ በመረጠው ጋዜጣ ላይ ሳይውል ሳያድር ይወጣል። ሕግ አውጪው፣ ሐሜት ከሳምንት በላይ ሲሰነብት ምን እንደሚሆን ሳያውቅ አልቀረም።

በገንዘብ በኩል፣ ያው ሕግ የኅሊና ጉዳት ካሣ ከ1000 ብር እንዳያልፍ ገድቦ ነበር፤ በ2000 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 590 በመገናኛ ብዙኃን ለሚደርሰው ስም ማጥፋት ወሰኑን እስከ 100000 ብር አደረሰው። መምህሩ ግን ክስ አላማራቸውም። ቀጠሮ ለቀጠሮ ሲመላለሱ ክፍላቸው ያለ አስተማሪ ሊውል ነው።

ስለዚህ ወደ ዋናው አዘጋጅ ሄዱ። አዘጋጁ በአክብሮት ተቀብለው ደረሰኙን አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ «መልስዎን በአንባቢያን ደብዳቤ ዓምድ እናወጣልዎታለን» አሏቸው።

«ያማ የእኔ ቃል ይሆናል። እኔ የምፈልገው የእናንተን ቃል ነው።»

የጉዳዩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው። መልስ ሲታተም በአንባቢው ፊት ሁለት ቃሎች ይቆማሉ፤ አንባቢውም የወደደውን ያምናል። እርማት ግን ጋዜጣው በራሱ ላይ የሚሰጠው ምስክርነት ነው። ለአዘጋጆች የሚከብዳቸውም ስለዚሁ ነው፤ ዛሬ ተሳስቻለሁ ያለ ነገ ማን ያምነዋል ብለው ይሠጋሉ።

በሚቀጥለው እትም እርማቱ ወጣ፤ በመጨረሻው ገጽ፣ ከጨረታ ማስታወቂያ ሥር፣ በአራት መስመር። «ስለ ቴአትር ገቢ የተጻፈው በስሕተት መሆኑን እንገልጻለን» ይላል። የማን ስም፣ የቱ ገንዘብ እንደ ሆነ አይናገርም። የአንቀጽ 2049 ጊዜ ተጠብቋል፤ መምህሩ ግን ሻይ ቤት ሲገቡ የሚወርደው ዝምታ አልተነሣም። ሁለት ወላጆች ሴት ልጆቻቸውን ከክበቡ አስወጡ።

ለእንዲህ ያለው ክርክር በሌላ አገር ከፍርድ ቤት መለስ ያለ ዳኛ ተበጅቶለታል። በስዊድን የጋዜጣ ሰዎች በ1916 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን ሸንጎ አቋቋሙ፤ በ1969 እ.ኤ.አ. የጋዜጣ እንባ ጠባቂ ተጨመረበት። ጥፋተኛ የተባለ ጋዜጣ ውሳኔውን በገጹ ያትማል፤ ክፍያም ይከፍላል፤ ክፍያው ግን ለተበዳዩ አይደለም። በእኛም አገር በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1238 በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋትን ከወንጀልነት አውጥቶ፣ ለባለሙያዎቹ የእርስ በርስ ቁጥጥር ዕውቅና ሰጥቷል። በ2002 ዓ.ም. በዚያች ከተማ የነበረው ሸንጎ ግን የአዘጋጁ ጠረጴዛ ብቻ ነበር።

መምህሩ እዚያው ጠረጴዛ ተመለሱ፤ በሁለተኛው ደብዳቤ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ ስሙ በጠፋበት ገጽ ይመለስ። አዘጋጁ ዘጋቢውን ወደ ትምህርት ቤቱ ላኩት። ወጣቱ ከገንዘብ ያዡ ፊት ተቀምጦ የደረሰኙን ቁጥር በእጁ ገለበጠ። በሦስተኛው ሳምንት በሦስተኛው ገጽ ላይ ስሙ፣ የብሩ ልክና የደረሰኙ ቁጥር ወጣ።

ከሁለቱ ልጆች አንዷ ተመለሰች። በ2003 ዓ.ም. ክበቡ አዲስ ቴአትር ሲያሳይ፣ በበሩ ጠረጴዛ ላይ የደረሰኝ ጥራዙ ተከፍቶ ለሕዝብ እንዲታይ ተቀምጦ ነበር። መምህሩ ግን ያን ምሽት ከመጋረጃው ጀርባ አልወጡም፤ ትኬት ወደሚሸጥበትም አልቀረቡም።