አባት፣ ልጅና ቤዝቦል

በ1981 እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ፣ በኒው ሄቨን ከተማ አጠገብ፣ የዬልና የሴንት ጆንስ ዩኒቨርሲቲዎች የቤዝቦል ቡድኖች ተጋጠሙ። ከተመልካቹ መካከል የ91 ዓመት ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ጆ ዉድ ይባላሉ። በ1912 ለቦስተን ቡድን ኳስ ወርዋሪ ሆነው ሲጫወቱ 34 ጊዜ አሸንፈው የተሸነፉት 5 ጊዜ ብቻ ነበር፤ ኋላም የዬልን ተማሪዎች ለ20 ዓመታት አሠልጥነዋል። አብሯቸው ጨዋታውን የሚመለከተው የ60 ዓመት ሰው ደራሲው ሮጀር ኤንጅል ነው። ሽማግሌው የተወለዱት በ1889 ሲሆን፣ የኤንጅል አባትም የተወለዱት በዚያው ዓመት ነበር። አባቱ በ1973 አርፈዋል። እንግዲህ ደራሲው በዚያን ቀን የተቀመጠው ከአባቱ እኩያ ጋር ነበር ማለት ነው።

ቤዝቦል በኢትዮጵያ ብዙ የሚታወቅ ጨዋታ አይደለም። ነገር ግን በገና ሰሞን ሩር በዱላ ሲለጋ ያየ ሰው ደስታውን ለመገመት አይቸገርም። ወርዋሪው ከ18 ሜትር ከ44 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ በቆዳ የተለበጠችውን ትንሽ ኳስ ይወረውራል፤ መቺው በእንጨት ዱላ ሊመታት ይሞክራል፤ ከቀናው እየሮጠ አራቱን ማዕዘኖች ዞሮ ወደ ተነሣበት ይመለሳል። የጨዋታው ዋና ጠባይ ርዝመቱ በሰዓት አለመለካቱ ነው። በ2023 በዋናው የአሜሪካ ሊግ ወርዋሪው ኳሱን የሚይዝበት ጊዜ በሰከንድ ቢወሰንም፣ የግጥሚያው ፍጻሜ ዛሬም በሰዓት አይቆረጥም። እያንዳንዱ ቡድን ተጫዋቾቹ 27 ጊዜ ከጨዋታ ውጭ እስኪደረጉበት ድረስ ዕድል አለው፤ ውጤቱ እኩል ከሆነም ዙሩ ይቀጥላል። ኤንጅል በ1971 ባሳተመው ድርሰት በዚሁ ነጥብ ላይ አተኩሮ፣ ቡድኑ መምታቱን ካላቋረጠ ጊዜ እንደቆመ ይቆያል፣ ሰውም አያረጅም የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ይህ የልጅ ምኞት ይመስላል። የሰውየውን ቤተሰብ ታሪክ ላወቀ ግን ምኞቱ ከየት እንደመነጨ ግልጽ ነው።

የኤንጅል አያት በ1898 ላ ቡርጎኝ የተባለችው መርከብ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ስትሰጥም ሞቱ። ልጃቸው ኧርነስት ያን ጊዜ የ9 ዓመት ብላቴና ነበሩ። ያለ አባት በክሊቭላንድ ከተማ አደጉ፤ ቤዝቦል ወደዱ፤ የሕግ ባለሙያም ሆኑ። ትዳር ይዘው በ1920 ኒው ዮርክ ውስጥ ሮጀርን ወለዱ። ሆኖም ልጁ ወደ 9 ዓመት ሲጠጋ፣ በ1929፣ ትዳራቸው ፈረሰ። እናቱ ካትሪን፣ በዘ ኒው ዮርከር መጽሔት የልብ ወለድ አዘጋጅ የነበሩት፣ በዚያው ዓመት ደራሲውን ኢ. ቢ. ዋይትን አገቡ። ልጁ ከአባቱ ጋር ቀረ።

አባት ሳይኖራቸው ያደጉት ኧርነስት ለልጃቸው ሊሰጡት ከሚችሉት ነገር አንዱ ከጎኑ መቀመጥ ነበር። ወደ ያንኪ ስታዲየምና ወደ ፖሎ ግራውንድስ ይዘውት ይሄዱ ነበር፤ ልጁም እነ ቤብ ሩትን፣ እነ ሉ ጌሪግን፣ እነ ካርል ሀበልን በዓይኑ አየ። በእንዲህ ያለ ቦታ አባትና ልጅ ስለ ፈረሰው ቤት መነጋገር አያስፈልጋቸውም። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ይመለከታሉ፤ ስለ ወርዋሪው ክንድ ይከራከራሉ፤ ያልተባለውም በዚያው ውስጥ ይባላል። ስለዚህ ኤንጅል ብዕሩን ከእናቱ ወገን፣ ጨዋታውን ከአባቱ ወረሰ ቢባል ስሕተት አይሆንም። የተለያዩትን ሁለት ቤቶች መልሶ ያገናኛቸው በጽሑፉ ነው።

ይህ ግን በአንድ ጀምበር አልሆነም። በ1956 በእናቱ መጽሔት የልብ ወለድ አዘጋጅ ሆነ፤ ዋና ሥራው የሌሎችን ድርሰት ማረምና ማቃናት ነበር። በ1962 ዋና አዘጋጁ ዊልያም ሾን ወደ ፍሎሪዳ ሄዶ የቡድኖቹን ልምምድ እንዲመለከት ላከው። በጋዜጠኞቹ መካከል መግባት አሳፈረውና ከተራው ተመልካች ጋር ተቀመጠ። በአጋጣሚ የተመረጠ የሚመስለው ይህ ወንበር የሥነ ጽሑፉ መሠረት ሆነ። ጋዜጠኛው ውጤቱን ሲዘግብ እርሱ አዛውንቶቹ ሲቀልዱ፣ ሕዝቡ ሲያዝንና ሲፈነድቅ ጻፈ። ሕዝቡን ከሩቅ ሆኖ ከመግለጽ ይልቅ አብሮት ተቀምጦ መስማት ምን እንደሚያፈራ ሥራው ያስረዳል። ጽሑፎቹም በ1972ና በ1977 በመጽሐፍ ተሰብስበው ወጡ።

ኤንጅል ራሱ የሁለት ሴቶችና የአንድ ወንድ ልጅ አባት ነበር። ለጨዋታ ይህን ያህል ዕድሜ ማዋል ከቁም ነገር መሸሽ አይደለምን? ጥያቄው ከእርሱም የተሰወረ አልነበረም። በ1975 የቦስተኑ ካርልተን ፊስክ በ12ኛው ዙር ኳሷን ከሜዳ አሳልፎ ቡድኑን ሲያሸንፍ፣ ኤንጅል ስለ ሕዝቡ ፈንጠዝያ ጽፎ የሰጠው መልስ ይህ ነው፦ ልብን ለአንድ ነገር ሙሉ በሙሉ የመስጠት ችሎታ ከሰው ዘንድ እየጠፋ የሚሄድ ሀብት ስለሆነ፣ የሚወደደው ነገር ትንሽ ቢሆን እንኳ መውደዱ ራሱ ሊጠበቅ ይገባል። ይህን ችሎታ የሚማር ልጅ ደግሞ ከንግግር ይልቅ ከሚወድ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ይማረዋል።

በዬል ሜዳ በዚያን ቀን ሮን ዳርሊንግ የተባለው ተማሪ ለ11 ዙሮች አንድም የተሳካ ምት ሳይፈቅድ ወረወረ። በ12ኛው ዙር ግን ተመታ፤ ቡድኑም 1 ለ 0 ተሸነፈ። ጆ ዉድ ከ69 ዓመት በፊት የነበሩበትን ወጣትነት በሌላ ሰው ክንድ ላይ አዩ፤ ኤንጅልም ሁለቱን በአንድ ዓይን አይቶ ጻፋቸው። ሽማግሌው በ1985 ሞቱ።

የኤንጅል እርጅና ቀላል አልነበረም። በ2010 ትልቋ ሴት ልጁ፣ በ2012 ባለቤቱ ሞቱበት። አባቱን በልጅነታቸው ያገኛቸው ሐዘን፣ እርሱን በሽምግልናው በተቃራኒው መጣበት፤ ያኛው አባቱን የቀበረ ልጅ ሲሆን ይህ ልጁን የቀበረ አባት ነው። በ2014 ስለዚሁ ሐዘንና ስለ እርጅና ያለ ልቅሶ፣ ያለ ድፍረትም፣ በቀልድና በእውነት ጻፈ። በዚያው ዓመት በኩፐርስታውን የቤዝቦል ጸሐፊዎች ከፍተኛ ሽልማት ሲሰጠው የ93 ዓመት ሰው ነበር። በ2022 በ101 ዓመቱ አረፈ።

በ1981 ከዘጠና ዓመት ሽማግሌ ጎን ተቀምጦ ይጠይቅ የነበረው ሰው፣ በመጨረሻ ራሱ ሌሎች ከጎኑ ተቀምጠው የሚጠይቁት ሽማግሌ ሆነ። ጊዜ አልቆመለትም። አንድ አባት በ1930ዎቹ የልጃቸውን እጅ ይዘው ወደ ሜዳ ባይሄዱ ኖሮ ግን፣ ከዚህ ሁሉ የሚነበብ ገጽ አይኖርም ነበር።