የሐይቆቹን መንገድ ከልጅ ልጆች ጋር

ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የቸኮለ ሰው በግማሽ ቀን ይደርሳል። እኛ ግን ሦስት ቀን ወሰደብን። ልጄ ይነዳል፤ እኔ ከኋላ በሁለቱ የልጅ ልጆቼ መካከል ተቀምጫለሁ።

ቢሾፍቱ ላይ ሆራንና ባቦጋያን አየን። ድሮ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በተወው ጉድጓድ ውስጥ ውኃ ተጠራቅሞ የተፈጠሩ ሐይቆች መሆናቸውን ስነግራቸው ትንሹ እግሩን ከመሬት አነሳ። ከሞጆ ወደ ደቡብ ታጥፈን፣ መቂ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ገዝተን ዝዋይ ገባን። በሐይቁ ዳር አባ ኮዳዎችና ፔሊካኖች የዓሣ አጥማጆችን ትራፊ ይሻማሉ። ልጆቹ በባዶ እግራቸው ውኃው ውስጥ ሊገቡ ሲሉ ከለከልኳቸው፤ በዝዋይ ዳርቻ ብልሃርዝያ አለ። ለዋና ላንጋኖ ይሻላል። ውኃው ቡና በወተት ቢመስልም በብልሃርዝያ እምብዛም አይታማም።

መንገድ ዳር ሐብሐብ የምትሸጥ ልጅ ፈገግ ስትል ጥርሷ ቡናማ ነበር። መኪና ውስጥ ስንመለስ የልጅ ልጄ፣ «እማማ፣ ጥርሷን አትቦርሽም?» አለችኝ። እኔ በነርስነት ስሠራ ይህንኑ የሚጠይቁ፣ በልጆቻቸው ጥርስ የሚያፍሩ እናቶች ብዙ ነበሩ። ቆሻሻ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ አለቱ የእሳተ ገሞራ ስለሆነ ፍሎራይድ ወደ ጉድጓድ ውኃው ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በአካባቢው ከዚያ የሚያልፉ ጉድጓዶች ብዙ ናቸው። ጥርሱ የሚበላሸው ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ ነው፤ ለዓመታት ሲጠጣ ደግሞ አጥንትን ይጎዳል። ማፍላትም አያስወግደውም። ይህን ሰምታ ዝም አለች። ቆይታም፣ «ታዲያ እሷ ምን ትጠጣ?» አለች። መልሱ ንጹሕ ውኃ በቧንቧ ማድረስ ነው፤ እሱ ደግሞ የአንዲት ልጅ አቅም አይደለም።

አብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ በር አካባቢ ሰጎንና ሚዳቋ ይታያል። የአብያታ ውኃ ግን ከድሮ ዳርቻው ርቆ ሸሽቷል፤ ነጭ ጨዋማ ጭቃ ቀርቷል። ወደ እሱ የሚፈሰው ውኃ ለመስኖ ሲጠለፍ፣ ከራሱም ለሶዳ አሽ ሲቀዳ ኖሯል። ጎረቤቱ ሻላ ከ250 ሜትር በላይ ጥልቅ ነው፤ በዳርቻው ከሚፈላው ፍልውኃ ልጆቹን እጃቸውን ይዤ አራቅኋቸው።

ሐዋሳ ላይ ጠዋት አሞራ ገደል ሄዳችሁ የዓሣ ሾርባና ጥብስ ብሉ። ጥሬውን ለልጅ አትስጡ። ጦጣዎቹንም በእጅ አታብሉ፣ ይነክሳሉ።

ልጅ ይዛችሁ ስትሄዱ የታሸገ ውኃ፣ አጎበርና የተቅማጥ ማከሚያ ኦአርኤስ አትርሱ። የቡናማ ጥርስ ጥያቄም ከመጣ «ዝም በል» አትበሉ፤ ያ ልጅ ነገ የውኃ መሐንዲስ ሊሆን ይችላል።