የልጆቹ እግር አደራ ነው

በሰቃ፣ በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች ቴኳንዶና ካራቴ ለምታሰለጥኑ፣ ለምትሰለጥኑ፣ ልጆቻችሁንም ወደ ስልጠና ለምትልኩ ሁሉ። ጽሑፉ ረዘም ይላል። የማወራው ስለ ልጆቻችን እግር ነውና እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እኔ እዚህ ሰቃ ልጆች አሰለጥናለሁ። ክረምት ሲገባና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሰልጣኝ ይበዛል። ውጪው ጭቃ ስለሚሆን የምንሰራው አዳራሽ ውስጥ፣ ሲሚንቶ ላይ፣ በባዶ እግር ነው። ምንጣፍ ያለው ክለብ ጥቂት ነው። ልጆቹ ይዘላሉ፣ ይዞራሉ፣ ይማታሉ፤ በዚህ መሃል የአንዱ ቁርጭምጭሚት ይታጠፋል፣ የሌላዋ አውራ ጣት ይመታል፣ የሌላው ጉልበት ያብጣል። ከዚያ ጥቅምት ይመጣል፤ ቡናው ይቀላል። ነሐሴ ላይ የተጎዳውና በቅጡ ያልዳነው እግር ቅርጫት ተሸክሞ እርጥብ ቁልቁለት ይወርዳል፣ ትምህርት ቤት በእግሩ ይመላለሳል፣ ውሃም ይቀዳል። አዲስ አበባ ያለ ልጅ እግሩ ቢጎዳ ታክሲ ይይዝ ይሆናል። የእኛ ልጅ ግን ሥራውም መንገዱም እግሩ ነው።

በስልጠና መጀመሪያና መጨረሻ ላይ አምስቱን የቴኳንዶ መርሆች በአንድ ድምፅ እንላቸዋለን፦ ትህትና፣ ታማኝነት፣ ጽናት፣ ራስን መግዛት፣ የማይበገር መንፈስ። አንድ ልጅ እግሩን ይዞ መሬት ላይ ሲቀመጥ ግን ከአምስቱ ሦስተኛው ብቻ ትዝ የሚለን ይመስለኛል። «ቻለው!» እንላለን። «ጥቁር ቀበቶ እንዲህ በቀላሉ የሚገኝ መሰለህ?» እንላለን። ልጁም ይነሳል፤ አሰልጣኙንና ጓደኞቹን ማሳፈር አይፈልግማ። በዚያች ሰዓት የሚያስፈልገው አራተኛው መርህ፣ ራስን መግዛት ነው፤ መጀመሪያ ከአሰልጣኙ፣ ቀጥሎ ከሰልጣኙ። ለመምታት ሲጓጉ መቆም፣ ፈተናው ሲደርስ «ዘንድሮ ይለፈኝ» ማለት ከመቶ ምት በላይ ጉልበት ይጠይቃል።

«ቻለው» የሚለውን ከየት እንዳመጣነው አውቃለሁ። የእኛ ዕድሜ ሰው ማርሻል አርትን የተዋወቀው ቪዲዮ ቤት ውስጥ፣ አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ ተቀምጦ ነው። ጃኪ ቻን እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣውን «ራምብል ኢን ዘ ብሮንክስ» ሲሰራ በአየር ግፊት በሚንሳፈፍ ጀልባ ላይ ዘሎ ሲያርፍ ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሯል። እግሩ ከታሰረ በኋላ ጫማ እንዲመስል ቀለም የተቀባ ካልሲ ከላዩ አጥልቆ ቀረጻውን ቀጠለ። ፊልሙ ሲያልቅ ስሞቹ እየወረዱ ይህን አይተናል፤ አጨብጭበናል። ነገር ግን ከካሜራው ጀርባ ሐኪም ነበረ፣ ማሰሪያ ነበረ፣ ከባዱን ትዕይንት ሰርቶለት የሚያልፍ ሌላ ሰው ማግኘትም ይቻል ነበር። የሰቃ ልጅ ሲጎዳ ይህ ሁሉ የለውም።

ስለ መመለስ ካወራን ሌላ ታሪክ ልጥቀስ። ብራዚላዊው አንደርሰን ሲልቫ በዘመኑ ከነበሩት የዩኤፍሲ (የድብልቅ ማርሻል አርት ውድድር) ተፋላሚዎች ሁሉ የላቀ ተብሎ የተወደሰ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 ክሪስ ዋይድማንን በግራ እግሩ ሲመታ ተጋጣሚው ምቱን በቅልጥሙ መከተና የሲልቫ የታችኛው እግር ሁለቱም አጥንቶች ተሰበሩ። የዚያኑ ሌሊት በቀዶ ሕክምና ብረት ገባለት። እንደገና ቀለበት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በጥር 2015 መጨረሻ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ገንዘብም፣ ሐኪምም፣ ፊዚዮቴራፒም ሞልቶት ይህን ያህል የጠበቀ ሰው እያለ፣ እኛ የ14 ዓመት ልጅ በሳምንቱ ስፓሪንግ (የልምምድ ፍልሚያ) እንድትገባ የምንቸኩለው ለምንድን ነው?

አሁን ወደ ሥራው ልግባ።

በብዛት የምናየው ወለምታ ነው። እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ቁርጭምጭሚትን ከውጭ በኩል የያዙት ጅማቶች ይለጠጣሉ ወይም ይበጠሳሉ። አስቸጋሪው ነገር ወለምታና ስብራት መጀመሪያ ላይ መመሳሰላቸው ነው፤ ሁለቱም ያብጣሉ፣ ሁለቱም ይጠቁራሉ። የካናዳ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1992 በኦታዋ ከተማ ያወጡት መለያ ለእንደኛ ዓይነቱ ቦታ ትልቅ ስጦታ ነው፤ የሚፈልገው ጣትና ዓይን ብቻ ነውና። ልጁ እያነከሰም ቢሆን አራት እርምጃ መሄድ ይችላል? ከቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ ጎልተው የሚታዩትን አጥንቶች ከጫፋቸው አንስታችሁ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ በኋላ ጠርዛቸው ስትጫኑ አጥንቱን ያመዋል? ከእግሩ የውጭ ጠርዝ መሃል ላይ፣ ከትንሿ ጣት ወደ ኋላ ስትመጡ የምታገኙት እብጥ ያለ አጥንት ሲነካ ያመዋል? ከቁርጭምጭሚቱ ፊት በውስጥ በኩል፣ ከእግሩ ቅስት በላይ ያለው አጥንትስ? መራመድ ካልቻለ ወይም ከእነዚህ አንዱን ካመመው ራጅ ያስፈልገዋል። ከሰቃ ጅማ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል እዚያው አለ። የአንድ ቀን መንገድና ወጪ ዕድሜ ልክ ከማነከስ ይሻላል።

በልጆች ላይ ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን። በማደግ ላይ ያለ ልጅ አጥንት ጫፉ አካባቢ ገና ያልጠነከረ የእድገት ክፍል አለው፤ ብዙ ጊዜ ከጅማቱ ይልቅ ቀድሞ የሚጎዳው ይህ ክፍል ነው። ስለዚህ በትልቅ ሰው ላይ ወለምታ የሚሆነው አደጋ በ12 ዓመት ልጅ ላይ የእድገት ቦታ ስብራት ሊሆን ይችላል። ሳይታወቅ ቢታሽና ቢጎተት እግሩ አጥሮ ወይም ተጣሞ ሊያድግ ይችላል። ከጉልበት ሎሚ በታች ያለው አጥንት ወጣ ብሎ የሚያማቸው፣ ተረከዛቸውን ይዘው የሚያነክሱ ታዳጊዎችም አሉ። ሰነፎች አይደሉም። ቁመታቸው በሚመዘዝባቸው ወራት ዝላይ ሲበዛባቸው የሚመጣ፣ ዝላዩ ሲቀነስ በጊዜው የሚተው የታወቀ ሕመም ነው።

ስለ ወጌሻ ሳልናገር ብቀር ግማሹን ነገር እንደተውኩት ይቆጠራል። እዚህ አገር እግሩ የታጠፈ ልጅ መጀመሪያ የሚወሰደው ወጌሻ ጋ ነው። ወጌሾቻችን ጎረቤቶቻችን፣ አባቶቻችንና እናቶቻችን ናቸው፤ ሌሊት ተቀስቅሰው የሚነሱ፣ ገንዘብ የሌለውን የማይመልሱ ሰዎች። አከብራቸዋለሁ። የማልደራደርባቸው ግን ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ገና ያበጠ እግር በቅቤም በቅባትም አይታሽም፤ ማሸት የመጀመሪያዎቹን ቀናት ደም መፍሰስና እብጠት ያባብሳል። ሁለተኛው፣ ሸንበቆና ጨርቅ ጠብቆ ሲታሰር ደም ይቋረጣል። ከታሰረ በኋላ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ ማሰሪያው ያኔውኑ ይፈታ፣ ልጁም ወደ ሐኪም ይሂድ። «ይለምደዋል» ተብሎ ማደር የለበትም፤ ደም ያጣ ጡንቻ በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። በአገራችን ሐኪም ቤቶች እግራቸው ከሚቆረጥ ልጆች ብዙዎቹ የመጡት በዚህ መንገድ ነው። በአንድ የገጠር ሆስፒታል ወጌሾችን ሰብስበው አጭር ስልጠና ሲሰጧቸው በእስር ምክንያት የሚቆረጠው እጅና እግር ቁጥር በጣም መቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሞ ወጥቷል። ወጌሻው ሲነገረው ይሰማል ማለት ነው። እኛ አሰልጣኞችም ሄደን ቡና አብረን ጠጥተን እንነጋገር።

ስብራት ካልሆነስ? ለዘመናት እረፍት፣ በረዶ፣ ማሰርና ከፍ ማድረግ ስንባል ኖረናል። ይህን ምክር እ.ኤ.አ. በ1978 በመጽሐፍ ያስተዋወቁት አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን ራሳቸው በረዶና ፍጹም እረፍት ማገገምን ሊያዘገዩ እንደሚችሉ ቆይተው ጽፈዋል። ስለዚህ በረዶ ሕመም ለማስታገስ ለአጭር ጊዜ ብቻ ይሁን፤ ሱቅ ፍሪጅ ውስጥ የቀዘቀዘ ሃይላንድ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይበቃል። በላስቲክ ፋሻ ሳታጠብቁ እሰሩ፤ ሲተኛ እግሩን ከፍ አድርጉለት። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ሕመሙ በሚፈቅደው ልክ ያንቀሳቅሰው፣ ይራመድበት። እንደ ዲክሎፌናክ ያለ የሕመም ማስታገሻ ውጦ ወይም ተወግቶ ወደ ስፓሪንግ መግባት ግን የተከለከለ ይሁን። መድኃኒቱ የሚያጠፋው ስሜቱን ነው፤ የተበጠሰው ጅማት እንደተበጠሰ ነው።

ትልቁ ስህተት የሚመጣው ሕመሙ ሲጠፋ ነው። ወለምታ በአንድና ሁለት ሳምንት ሕመሙ ሊሄድ ይችላል፤ ጅማቱ ግን ለመጠንከር ወራት ይፈልጋል። በዚያ ላይ የተጎዳ ቁርጭምጭሚት መሬቱን «ማየት» ያቅተዋል፤ እግሩ ሲታጠፍ ጡንቻው ቶሎ አይደርስለትም። አንድ ጊዜ ወለም ያለው እግር ደግሞ የሚወለመው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ምንም ብር አይጠይቅም፤ በአንድ እግር መቆም ነው። መጀመሪያ ዓይን ተከፍቶ፣ ቀጥሎ ተጨፍኖ፣ ቀጥሎ የታጠፈ ጋቢ ላይ፣ በየቀኑ ጠዋትና ማታ። በመጨረሻም በተጎዳው እግር ብቻ ወደ ፊትና ወደ ጎን መዝለል። በደህናው እግር የሚዘለውን ያህል ሳይፈራ ካልዘለለ ገና ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ ከቀበቶ ፈተና በፊት እግሯ ወለም አለ። እናቷ መጥተው አዳራሹ በር ላይ ቆሙና «ማስተር፣ እኔ ቀበቶውን አላውቀውም፤ ለቀማ ግን ደርሷል። እግሯን አደራ» አሉኝ። ልጅቷ አለቀሰች። ከፈተናው ቀረች፤ ጥግ ላይ በአንድ እግሯ ቆማ የእጅ ቴክኒኳን ስትሰራ ከረመች። በቀጣዩ ፈተና ስትቀርብ ሚዛኗን የሚያህል አልነበረም። የእናትየውን ቃል ከዚያ ወዲህ ለአዳዲስ አሰልጣኞች ሁሉ እነግራለሁ፤ ቤተሰብ ልጁን ሲልክልን የሚሰጠን አደራ ነው።

ጉዳት ከመድረሱ በፊትም የምንችለው ብዙ ነው። ዶልዮ ቻጊ (የዙር ምት) ስናስተምር ዓይናችን የሚመታው እግር ላይ ብቻ አይቅር። የቆመው እግር ተረከዙ ወደ ዒላማው እስኪያይ ካልዞረ፣ ላብ የነካው ባዶ እግር ሲሚንቶው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ወገቡ ሲዞር የሚጠመዘዘው ጉልበት ነው። «ጧ» የሚል ድምፅ ተሰምቶ ጉልበቱ በሰዓታት ውስጥ ካበጠ፣ ወይም እየከዳው የሚሄድ ከሆነ፣ የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል ስልጠናው ያበቃል፤ ሐኪም ይየው። ሴት ልጆች ለዚህ የጉልበት ጅማት ጉዳት ከወንዶች ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸው በብዙ ስፖርቶች ታይቷል፤ ከዝላይ ሲያርፉ ጉልበታቸው ወደ ውስጥ እንዳይገባ፣ አጠፍ ብለው በለስላሳው እንዲያርፉ ከመጀመሪያው ቀን አስተምሯቸው። አፕ ቻጊ (የፊት ምት) ላይ የእግር ጣቶች ወደ ኋላ ካልተሳቡ አውራ ጣት ይሰበራል። በስፓሪንግ ደግሞ የእግር ጀርባ ከባላጋራ ክርን ጋር ይጋጫል፤ የእግር መከላከያ ሳያደርጉ ሙሉ ኃይል መማታት ይቅር። ምንጣፍ እስኪገዛ ዝላዩን ዝናብ ባባራ ቀን ሳር ላይ ማድረግ እንችላለን።

ልጆቻችን ሩቅ እንዲያስቡ እፈልጋለሁ። ሰለሞን ቱፋ በየካቲት 2012 ዓ.ም. ሞሮኮ ራባት ላይ በተደረገው የአፍሪካ ማጣሪያ አልፎ፣ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሊምፒክ በ58 ኪሎ ኢትዮጵያን ወክሎ ተጋጥሟል፤ በቴኳንዶ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ኦሊምፒያን ነው። ያንን ቀን ያየ ልጅ ሁሉ እንደዚያ መሆን ያምረዋል፤ ይመረውም። ነገር ግን በ15 ዓመቱ ጉልበቱን ያጣ ልጅ ምንም ተሰጥኦ ቢኖረው እዚያ አይደርስም። እዚያ የማይደርሱት ብዙዎቹ ልጆቻችንም ቢሆኑ ገበሬ፣ ነርስ፣ መምህር፣ ነጋዴ ሆነው በዚሁ እግር ነው የሚኖሩት።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። አሰልጣኞች፣ የተጎዳ ልጅ ፈተና ቢያልፈው ክፍያውም ሆነ ተራው እንደማይቃጠልበት ዛሬውኑ በክለባችሁ አሳውቁ፤ ያን ጊዜ ልጆች ሕመማቸውን አይደብቁም። አዳራሻችሁ ውስጥ ላስቲክ ፋሻ ይኑር፤ በአቅራቢያ ያለው ጤና ጣቢያ ስልክና የተጎዳ ልጅ የሚያደርስ የባጃጅ ሹፌር ቁጥር ግድግዳው ላይ ይለጠፍ። ወላጆች፣ ልጃችሁ ሲያነክስ «ምን ሆንክ?» ብላችሁ አትለፉት፤ አሰልጣኙን ጠይቁ፣ ካልመለሰላችሁ ልጁን አትላኩለት። ሰልጣኞች፣ ሲያማችሁ ተናገሩ፤ የሚስቅባችሁ ካለ እኔ ጋ ላኩት። በጅማና በዙሪያዋ የምትሰሩ የፊዚዮቴራፒና የአጥንት ሐኪሞችም ይህን ካነበባችሁ፣ በዚህ ክረምት ለአሰልጣኞችና ለወጌሾች በጋራ አንድ ቀን ስጡን። ቦታውን እኛ እናዘጋጃለን፤ ቡናውም ከእኛ ነው።