ወደ ነገሌ ለመብረር ማለዳ ይነሡ

ነገሌ ቦረና ሲባል ወደ አእምሮዎ የሚመጣው ቆላ ይሆናል። ከተማዋ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,475 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከአዲስ አበባ በመኪና 600 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ፣ ቤተሰብዎን ይዘው በትንሽ የቤንዚን አውሮፕላን መሄድ ቢያምርዎት አይገርምም።

ከፍታም ሙቀትም አየሩን ያሳሱታል። ሞተሩ የሚስበው፣ ክንፉም የሚደገፍበት ይኸው አየር ነው። ቀትር ላይ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲደርስ፣ የነገሌ አየር በአብራሪዎች ስሌት 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለውን ያህል ይሳሳል፤ ይህ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከፍታ እንኳ ይበልጣል። ያን ጊዜ ተራ የፒስተን ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። አውሮፕላኑ መሬት የሚነካው በበለጠ ፍጥነት ስለሆነ ለመቆም ረዘም ያለ ሜዳ ይፈልጋል። የባሰው ግን መመለሻው ነው፤ ለማረፍ የበቃው ሜዳ ለመነሣት ላይበቃ ይችላል።

ስለዚህ አብራሪው የእያንዳንዳችሁን ኪሎ ሲጠይቅ ሳይቀንሱ ይንገሩት፤ ልጆቹንም ያስመዝኑ። «ይህ ሻንጣ ይቅር» ካለ አይከራከሩት፤ ማሩና ቅቤው በመኪና ይደርሳል። ቀትር ደርሶ «ነገ በማለዳ እንነሣ» ካለዎትም ነገሌ ይደሩ። በግመል ወተት የፈላ ሻይ እየጠጡ ማምሸት ለልጆቹም ጥሩ ትዝታ ነው።