አንድ ሺህ ብር

ትናንት ዳንግላ ባለው መሥሪያ ቤታችን አንድ የገጠር አባት አምስት ባለ 200 ብር ኖቶች አቀበሉኝ። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፤ ገንዘቡ ለእርሱ የሚላክ ነው። ‹‹ነባሮቹ ይንከባከቡት ይሆን ልጄ?›› አሉኝ። ‹‹ይንከባከቡታል አባቴ›› አልኳቸው። አፌ እንጂ ልቤ አልመለሰም።

እኔ አዲስ ተማሪ ሳለሁ፣ ስሙን በማልጠራው ግቢ፣ ነባሮቹ እኩለ ሌሊት ዶርም ገብተው ይቀሰቅሱን ነበር። ማስዘፈን፣ ማስጨፈር፣ በተደራራቢ አልጋ ጫፍ አቁሞ ንግግር ማስደረግ… ቀልድ ይባላል። (እኔም ስቄያለሁ፤ ተራዬ እስኪደርስ።) አንድ ሌሊት የእንጅባራ ልጅ የሆነውን ባልንጀራዬን ከላይ ገፈተሩት፤ ክንዱ ተሰበረ። አባቱ በርኖሳቸውን እንደ ደረቡ መጡ። ‹‹ማንን ነው የምከስ?›› እያሉ ከዘበኛ እስከ ዲን ዞሩ። የመለሰላቸው የለም። ያየነውም ስም መጥራት ፈርተን ዝም አልን። ልጃቸውን ይዘው ተመለሱ።

መልሱን ያገኘሁት ከስምንት ዓመት በኋላ፣ ለባንክ ጉዳይ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ሳገላብጥ ነው። የገፋውን በአካል ጉዳት ለፖሊስ ማመልከት ይቻል ነበር። ለሕክምና የወጣውንም በካሳ መጠየቅ ይቻል ነበር። ግቢው የመንግሥት ነውና፣ ሠራተኛው በሥራው ላይ ላጠፋው ጥፋት ተጎጂው መንግሥትን ካሳ መጠየቅ እንደሚችል አንቀጽ 2126 ይናገራል። ድርጊቱ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ካልሆነ በቀር ግን፣ በአንቀጽ 2143 የካሳ ክስ ጊዜው ሁለት ዓመት ነው።

ከሁሉ ያስቆመኝ አንቀጽ 2116 ነው፤ ለኅሊና ጉዳት የሚፈረድ ካሳ ከ1,000 ብር አይበልጥም ይላል። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ይህ ገንዘብ 400 ያህል የአሜሪካ ዶላር ነበር። ዛሬ 10 ዶላር እንኳ አይሞላም። ጥቅምት 29 ቀን 2012 ዓ.ም. በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች ሲገደሉ አገር ሁሉ ሰምቷል። ያ የብሔር ግጭት እንጂ የነባርና የአዲስ ቀልድ አልነበረም፤ ሕጉ ለወላጆች ኀዘን ያበጀው ጣሪያ ግን ይኸው ነው። ቁጥር ሥራዬ ነው፤ ይህን ቁጥር ግን ከምን ጋር እንደማስተያየው አላውቅም።

የአባትየውን ብር ሁለት ጊዜ ቆጠርሁት። ደረሰኙን ስሰጣቸው ከጀርባው ስልኬን ጻፍሁበት።

‹‹ምንድን ነው ይኼ?›› አሉ።

‹‹ልጁን አንድ ነገር ካገኘው፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ይደውሉልኝ።››

ደረሰኙን አጥፈው ከደረት ኪሳቸው ከተቱ። ‹‹ይንከባከቡታል አላልከኝም?›› አሉኝ።